የወገብ ልክ

እጇን ለማንኳኳት ካነሳች ቆይታለች፤ ግን አላንኳኳችም። ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠግታ ከውስጥ የሚመጣውን ድምፅ ትለያለች። አልጋው ሲንቋቋ ሰማች። ቀጥሎ ጠርሙስ ከጠረጴዛ እግር ጋር ሲጋጭ። ቀጥሎ ሳል፤ ከሆድ የሚመጣ፣ የሽማግሌ የሚመስል ሳል። ያን ጊዜ ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ለቀቀች። ነቅቷል።

የዩኒቨርሲቲውን የወንዶች ማደሪያ መቆጣጠር ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። ተማሪዎቹ «እትዬ ቀስ» ይሏታል፤ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለሉ ሲወርዱ ባየች ቁጥር «ቀስ በሉ፤ ትምህርቱ እግር የለው፣ አይሸሻችሁም» ስለምትላቸው። ስሙን ያወጣላት ከዚህ በር ጀርባ ያለው ልጅ ነው። እሱን ደግሞ ጓደኞቹ «ቀጭኔው» ይሉታል። መጀመሪያ ዓመት ሲመጣ ግንባሩን ከመግቢያው መቃን ጋር አጋጭቶ፣ መቃኑን ይቅርታ ጠይቆ ያለፈ ልጅ ነው። አሁን ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ምህንድስና ያጠናል።

ታች፣ መግቢያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ፣ እናቱ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

ሁለቱ ሴቶች እስከዛሬ ጠዋት ድረስ ተያይተው አያውቁም። የሚተዋወቁት በስልክ ነው። ልጁ የራሱን ስልክ ማንሳት ሲተው፣ እናቱ በማደሪያው መስመር ትደውል ጀመር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ የልብስ ስፌት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት። መጀመሪያ «እርስዎ» ተባባሉ። በሦስተኛው ወር ገደማ አንዷ ስለ ጉልበቷ ሕመም ስታማርር ሌላዋ «አይ አንቺ፣ የኔን ብታዪ» ብላ አመለጣት፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ «አንቺ» ሆኑ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ሞቱባቸው ባሎች አወሩ። ሱቅ መጥተው «እኔ እኮ አልጨመርኩም» እያሉ ሜትሩ ስለሚያሳጣቸው ወፋፍራም ደንበኞችም አወሩ። በመጨረሻ ሁልጊዜ ያችው ጥያቄ ትመጣለች።

«ልጄስ?»

«ደህና ነው።»

«አልከሳም?»

«ያው ነው፤ አልተለወጠም።»

ዛሬ ግን ስልኩ አልጮኸም። ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት አጭር ሴት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ልብስ ክንዷ ላይ አጋድማ ገባችና «እኔ ነኝ» አለች። ሌላ ማስተዋወቂያ አላስፈለገም። ተቃቀፉ። «ድምፅሽን ሰምቼ እኮ ደልዳላ ሴት ነበር የጠበቅኩት» አለች እናትየው እየሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ደረጃው ሄደ። «ድንገት ልምጣበት ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። አለ?»

«ቤተ መጻሕፍት ሳይሆን አይቀርም» አለች እትዬ ቀስ። ውሸቱ ሳታዘው ነው የወጣው፤ እንደ ለመደ በቅሎ መንገዱን ያውቀዋል። «ለማንኛውም ክፍሉን ልይልሽ።»

አሁን አንኳኳች።

ክፍሉ ውስጥ ያደረ ጭስና ያደረ መጠጥ ተቀላቅለው አየሩን አወፍረውታል። መስኮቱ ላይ ትልቅ የንድፍ ወረቀት ተለጥፎ ብርሃኑን ከልክሎታል። አብሮት ይኖር የነበረው ልጅ «ሳሉ አያስተኛኝም» ብሎ ክፍል ከቀየረ ሁለት ወሩ ነው፤ ባዶው አልጋ ላይ የተከመሩት መጻሕፍት አቧራ ለብሰዋል። ጠረጴዛው ላይ እስከ አፉ ድረስ የሲጋራ ቁራጭ የሞላ ብርጭቆ አለ። አጠገቡ የክኒን ማሸጊያ፣ ክኒኖቹ ሁሉ ተፈልቅቀው ወጥተው ቀዳዳ ቀዳዳ ብቻ የቀረ። ልጁ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ቀርቅሮ ተቀምጧል።

«እናትህ መጥታለች» አለችው።

የምትቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«የት?»

«ታች ናት።»

«እትዬ፣ ወጥቷል ይበሏት። ለመስክ ሥራ ሄዷል ይበሏት።»

«አውቶቡሷ የሚነሳው ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ ካግዳሚው ንቅንቅ አትልም፤ እናትህን እኔ አውቃታለሁ።»

ነገሩ የጀመረው በፈተና ሰሞን ነበር። የእሱ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቹ እንዲያ ነው የሚጀምረው። አንዱ እንቅልፍ የምታባርር ክኒን ይዞ ይመጣል። ሦስት ቀን ሳይተኛ የቆየ ጭንቅላት በአራተኛው ተኛ ቢሉት እሺ አይልም፤ ያን ጊዜ ደግሞ የምታስተኛዋ ትፈለጋለች፣ መጠጧ። ሲጋራው በሁለቱ መሃል ሰዓት መግፊያ ነው። አብዛኞቹ ፈተናው ሲያልቅ ጭንቅላታቸውን ይዘው ሁለት ቀን ይተኙና ይተዉታል። ቀጭኔው አልተወም። የሁለተኛ ዓመቱን ሒሳብ ወደቀ፤ መውደቁን ለእናቱ መንገር ስላቃተው ጠጣ፤ ከዚያ በኋላ መጠጣቱን መንገር ስላቃተው ጠጣ።

እትዬ ቀስ ሁሉንም አይታለች። ጠርሙሶቹን ከቅርጫቱ አውጥታ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ከራሷ ቆሻሻ ጋር ስትጥል ከርማለች። ደንቡ አሳውቂ ይላል። ግን አሳውቃባቸው ሻንጣቸውን እየጎተቱ በዚያ በር የወጡትን ልጆችም አይታለች፤ አንዳቸውም የት እንደደረሱ አታውቅም። «ልጁን ከማስባርር ጠርሙሱን ላባርር» ትል ነበር ለራሷ። ምሕረት ማድረጓ ይመስላት ነበር።

«ተነስ» አለችው። «ታጠብና ተላጭ። እንዲህ ሆነህ አታይህም።»

ክፍሉ ጥግ ያለው መታጠቢያ ጋ ሄዶ ፊቱን ሳሙና ቀባ፤ ምላጩን አነሳ። ገና አንዴ ሳይስበው አገጩ ላይ ደም ፈነጠቀ። ቀኝ እጁን በግራው ያዘው፤ ግራውም ያው ነው። እትዬ ቀስ ምላጩን ከእጁ ወሰደችና ልጁን ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ተቀምጦም ከትከሻዋ በላይ ነው።

«ለምደውታል» አላት፣ ሁለተኛውን ጉንጭ ስትጀምር።

«አትናገር፤ ይቆርጥሃል።»

ምላጩን ውሃው ውስጥ ነከረች። ለማንም ተናግራ የማታውቀውን ለምን ለዚህ ልጅ እንደምትነግረው አልገባትም። «ባሌን እላጨው ነበር» አለች። «ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው። ጠዋት ጠዋት እጁ ሲንቀጠቀጥ እላጨዋለሁ፤ ሸሚዙን እቆልፍለታለሁ። መነሳት ያቃተው ቀን አለቃው ጋ ደውዬ ብርድ መቶታል እላለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ብርድ መታው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሐኪሞቹ ጉበቱ ነው አሉኝ።»

ከጆሮው ሥር የቀረውን ሳሙና በአውራ ጣቷ ጠረገችለት። ፊቱ ሲጠዳ ዕድሜው ወጣ፤ ሃያ አንድ ዓመት። የጉንጩ አጥንት ግን አልሞላም።

«እትዬ» አለ ወለሉን እያየ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ልጎንጭ። እጄ ካልረጋ ታውቅብኛለች። ሰኞ የሥራ ልምምዱን ስጀምር እተዋለሁ፤ እናቴን። ዛሬን ብቻ ይሸፍኑኝ።»

እሺም እምቢም አላለችውም። ዞራ ወደ መስኮቱ ቆመች። መስኮቱ በወረቀት የተሸፈነ ስለሆነ የምታየው ነገር አልነበረም። ከኋላዋ ጉሮሮው ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ ሲውጥ ሰማች። አልዞረችም።

እናትየው ከደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀችው። ደረቱ ላይ ብቻ ነው የምትደርሰው። አቅፋው ስትቆይ እሱ ማስቲካውን እያኘከ ፊቱን ወደ ጣሪያው አቀና፤ ትንፋሹ እንዳይደርሳት። «ይኼን ማስቲካ መቼ ነው የለመድከው?» አለችው፤ መልስ ግን አልጠበቀችም። ለልጇ ያመጣችውን ለማሳየት ቸኩላለች።

እትዬ ቀስ ከጠረጴዛዋ ኋላ ወዳለችው ጠባብ ክፍሏ አስገባቻቸው። እናትየው ላስቲኩን ገለጠች። አመድማ ሙሉ ልብስ ነበር፤ ገበሩ ሰማያዊ፣ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ በእጅ የተሠሩ።

«ሰኞ ቢሮ ትገባለህ አይደል? መሐንዲስ በሹራብ አይገባም።» ከዚያ ወደ እትዬ ቀስ ዞራ፣ እንደ ባልደረባ፣ «ባንቺ አፍ ነው የሰፋሁት። ያው ነው ስትይኝ የአምናውን ልክ አወጣሁ» አለች።

ልጁ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገብቶ ለበሰ። ሲወጣ በአንድ እጁ የሱሪውን ወገብ ጨብጦ ነበር። ኮቱ ትከሻው ላይ የተሰቀለ እንጂ የተለበሰ አይመስልም፤ ከትከሻው በታች ያለው ጨርቅ ባዶውን ይወዛወዛል።

ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎች እየተሳሳቁ አለፉ።

እናትየው መነጽሯን አደረገች። ከቦርሳዋ የእስፒል መያዣዋን አወጣች፤ ጥቂት እስፒል ከንፈሮቿ መሃል ያዘችና ተንበረከከች። የልጇን እጅ ከወገቡ ላይ አነሳችው። ጨርቁን ከኋላ ሰበሰበች፤ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት፣ አራት ጣት፤ አሁንም ላላ። በስድስተኛው ወጋች። ተነስታ የኮቱን ጎን ያዘች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ገላ በጣቶቿ ስታነብ ኖራለች፤ በኮቱ ሥር የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ አገኘቻቸው። እጅጌውን ልታስተካክል እጁን ስትይዘው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አልለቀቀችውም። እስኪረጋ የምትጠብቅ መሰለች። አልረጋም።

ከንፈሯ ላይ የቀሩትን እስፒሎች እያወጣች ኮቱ ላይ ሰካች። ከዚያ ፊቷን ከልጇ ሳታዞር «ስንት ጊዜው ነው?» አለች። ጥያቄው ለእሱ አልነበረም።

እትዬ ቀስ ምላሷ ላይ የመጣላት ጉንፋን ነበር። ጉንፋን ይዞት ሰነበተ፤ የፈተና ሰሞን ነው፤ ልጆች እንዲህ ናቸው። ሁሉም ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ልጁ በእናቱ ራስ ላይ አሻግሮ ያያታል፤ ዓይኑ ይለምናታል።

«ዓመት ከመንፈቅ» አለች። «ይጠጣል። ክኒንም ይወስዳል። ዋሽቼሻለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ።»

«እማ፣ እኔ ነኝ የለመንኳት» አለ ልጁ።

«ከዛሬ በፊት አንድም ቀን አልለመነኝም። እኔው ነኝ።»

እናትየው መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ መልሳ አላደረገችውም።

«ካንቺ ጋር ካወራሁ በኋላ እጄ ይረጋልኝ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ በዝግታ። «ቅዳሜ ቀን የሰፋሁት ልብስ ሁሉ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው።»

ሌላ አልጨመረችም። ብትጮህባት ይሻላት ነበር፤ እትዬ ቀስ ጩኸት ትችላለች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ልጁ እስፒል በተሰካበት ልብስ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ረጃጅም እግሮቹ ክፍሏን ሞሏት። ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፍ ብሏል።

«ሰኞ የትም አልገባም፣ እማ» አለ። «ሁለት ፈተና አልተቀመጥኩም። ስሜ ከልምምዱ ዝርዝር ወጥቷል።» ወደ እትዬ ቀስ ቀና አለ። «እርስዎንም ዋሽቻለሁ።»

እትዬ ቀስ ይህን አታውቅም ነበር። በየቀኑ ጠዋት ደብተር ይዞ ሲወጣ እያየች፣ ቢያንስ ትምህርቱን ይዟል ትል ነበር።

«ለመተው ሞክሬያለሁ» አለ። «ሁለት ቀን ቆየሁ። እጄ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ ግድግዳው ሁሉ ይንቀጠቀጥብኛል። የሌለ ሰው ይጠራኛል። ፈራሁ።»

እናትየው አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ተነስ አላለችውም። «ቆይ፣ አትንቀሳቀስ፤ ይወጋሃል» አለችና እስፒሎቹን አንድ በአንድ ትነቅል ጀመር። ከወገቡ፣ ከጎኑ፣ ከእጅጌው። በነቀለች ቁጥር የወጋችበትን ቦታ በመዳፏ ታሸዋለች፤ ጨርቁን ይሁን ገላውን አይታወቅም። ስትጨርስ ጭንቅላቱን ጎትታ ጭኗ ላይ አስተኛችው። ያ ሁሉ ቁመት ታጥፎ እናቱ እቅፍ ውስጥ ገባ።

«የት ነው የሚኬደው?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ክሊኒኩ ግቢው ውስጥ ነው» አለች እትዬ ቀስ። «በራሱ እግር ከሄደ ዓመቱን አቋርጦ፣ ታክሞ መመለስ ይችላል። ሰው አሳውቆበት ከሆነ ግን ይባረራል።» ልጁን አየችው። «በራሱ እግር ነው መሄድ ያለበት።»

ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ ተነሳ።

የክሊኒኳ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ከተማሪዎቹ እምብዛም አትበልጥም። ጥያቄዎቿን እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ሳትቸኩል ሳትዘገይ አከታተለች። ምን ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከምን ጋር። ልጁ ሁሉንም መለሰ፤ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ እንጂ አልዋሸም።

«ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣኸው መቼ ነው?»

ልጁ እትዬ ቀስን አያት።

«ዛሬ ጠዋት» አለች እትዬ ቀስ። «እኔ እዚያው ቆሜ።»

የእናትየው አንገት ሲደነድን አየች። ሐኪሟ ግን ጻፈችና ብዕሯን አስቀመጠች። «ለብቻ ሆኖ በአንድ ጊዜ መተው አደጋ አለው» አለችው ልጁን። «ሁለት ቀን ያየኸው እሱን ነው። ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም ያቃተህ። እዚህ ተኝተህ፣ እኛ እያየንህ፣ በመድኃኒት ነው የሚሆነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ አልዋሽህም።»

የትምህርት ማቋረጫው ቅጽ ሁለት ገጽ ነው። አንደኛውን ልጁ ፈረመ። ሁለተኛው ላይ ለማደሪያው ተቆጣጣሪ የተተወ ቦታ አለ፤ «ችግሩን መጀመሪያ ያወቁት መቼ ነው?» ይላል። የዛሬን ቀን መጻፍ ትችላለች። ማንም አይጠይቃትም፤ ሐኪሟ እንኳ ዞር ብላ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ትከፍታለች። ለጡረታዋ ሁለት ዓመት ነው የቀራት። ብዕሩን ይዛ ቆየችና ያወቀችበትን የአምናውን ወር፣ ቀኑን ሳይቀር፣ በትልልቁ ጻፈች።

ሐኪሟ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። «ይኼን ካሉ እርስዎም ይጠየቃሉ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ልጁን የታካሚ ልብስ አለበሱት። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀረ፤ እጅጌው ክርኑን ብዙም አላለፈም። ራሱን ቁልቁል አየና «እማ፣ ይኼንስ ማን ሰፍቶት ይሆን?» አለ። እናትየው ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ነርሷ ክንዱን ይዛ ወሰደችው። በሁለተኛው ክፍል በር ሲገባ መቃኑን አይቶ ጎንበስ አለ።

ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ውስጥ ባለ ረጅም ወንበር ላይ ተቀመጡ። በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። እናትየው ወደ ግድግዳው ሰዓት ተመለከተችና «አውቶቡሱ ይሂድ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከማደሪያው ከወጡ ወዲህ ለእትዬ ቀስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እትዬ ቀስም ይቅርታ ልትል ሦስት ጊዜ አፏን ከፍታ ሦስቱንም ጊዜ ዘጋችው። ቃሉ አነሰባት። መሄድም አሰበች፤ ማደሪያውን ያለ ሰው ትታ ነው የመጣችው፤ በአሥራ አራት ዓመት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ግን ሰውነቷ አልታዘዛትም። ከውስጥ የልጁ ሳል ይሰማል፤ ሁለቱም በሰሙት ቁጥር እኩል ቀና ይላሉ፤ እኩል ይመለሳሉ።

ነርሷ ብቅ አለች። «ተኝቷል። መድኃኒቱ ይዞታል። ቤተሰብ ገብቶ አጠገቡ መቀመጥ ይችላል፤ ብቻ ጸጥ ብሎ።» ብላ በሌላው በኩል ወደ ሥራዋ ሄደች።

እናትየው ተነሳች። ቦርሳዋን አነሳች፤ መነጽሯን አንገቷ ላይ አስተካከለች። በሩ በራሱ የሚዘጋ ከባድ በር ነው፤ በትከሻዋ ገፍታ ገባች። እትዬ ቀስ ጉልበቶቿ ላይ የተጣመሩትን እጆቿን እያየች በሩ ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ ጠበቀች።

አልተዘጋም።

ቀና ስትል የበሩ ጠርዝ ላይ አራት ጣቶች አየች፤ የአንደኛው ጫፍ በመርፌ ብዛት የደነደነ። እናትየው ከውስጥ ሆና፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ዓይኗን ከአልጋው ሳትነቅል፣ በሩን ከኋላዋ ከፍታ ይዛለች።

እትዬ ቀስ ለማን እንደያዘችው ለማወቅ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ተመለከተች። ኮሪደሩ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።